እማን የጣላት ወለል

ሚያዝያ 4፣ ሐሙስ

እማ ዛሬም አልተነሳችም።

ሐኪሟ «የገባላቸው ሰው ሠራሽ ዳሌ ጥሩ ይዟል፣ ቁስሉም ደርቋል፣ ከእንግዲህ መራመድ ነው» ትላለች። እማ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ለምሳ የተፈጨ ድንች አመጡላት፣ በእጇ ገፋ አደረገችው። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «አንቺ የምትሠሪውን አያህልም አይደል?» ብዬ ቀለድኩ። የወደቀችው የተፈጨ ድንች ድስት እንደያዘች መሆኑን እንዴት እረሳለሁ? በምታበስልበት ትምህርት ቤት ምግብ ቤት፣ እርጥብ ወለል ላይ፣ ሕፃናቱ ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈው እያዩ። አፌን ብዘጋው ምን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከማገገሚያው ትወጣለች። ደረጃ መውጣት ከቻለች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ ከመስኮቱ ግን አባዬ ዕድሜውን በሥራ የፈጀበት የለ አቭር ከተማ ወደብ ይታያል። ካልቻለች ቤቱን አስረክባ ሞንቲቪሊዬ እኔ ዘንድ ትመጣለች። የኔ ቤት ደረጃ የለውም። ትልቁን ክፍል ቀለም ልቀባላት አስቤያለሁ። ፋብሪስ ተፋትተን ዕቃውን ጠራርጎ ከወጣ ወዲህ ባዶውን ነው። ለእሷ ብዬ ነው እንጂ ለኔማ ምን ያደርግልኛል።

ሚያዝያ 7፣ እሑድ

ኮሪደር ላይ አንዷ ነርስ ስለ እማ ለሌላዋ ስትል ሰማሁ፤ «ማዳም ዲያታ እኮ እጅ ሰጥተዋል።» ደሜ ፈላ። ግን እውነቷን ነው።

እማን መራመድ የሚያለማምዳት ሎይክ የሚባል ቀይ ጢም ያለው መለሎ ነው፤ ልጁ መልካም ነው። በብብቷ እየገባ «ይደገፉኝ ማዳም፣ አይዞዎት፣ እኔ ይዤዎታለሁ» ይላታል። እሷ ደግሞ ሰው ሲይዛት ሰውነቷን ሙሉ በሙሉ ትለቃለች፣ የእህል ጆንያ ታክላለች። ላብ አጥምቆት መልሶ አስተኛት።

«እማ፣ ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም።»

«ታዲያ ለምን አትሞክሪም?»

«ወድቄያለሁ እኮ ሶላንዥ። በጀርባዬ ነው የወደቅኩት። ሁሉም አይቶኛል።»

«ማን አየሽ? ሕፃናት ናቸው።»

«ሕፃን ዓይን የለውም?»

ሐዘን ነው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይመጣል ብለውኛል። ይዤላት የሄድኩትን ካርካዴ ጠርሙሱን ከፍቼ አጠጣኋት። ድሮም የጠርሙስ ክዳን የምከፍትላት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 11፣ ሐሙስ

ተማሪዬ አደባባዩን በግራ ገባበት። ፍሬን ረገጥኩ። ሰው ሲነዳ እግርን ፍሬን ላይ አድርጎ መዋል ነው የኔ የመንዳት አስተማሪነት ሥራ። እማ ጋ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ገባሁ፤ ተኝታለች። ቀለም ገዛሁ፣ ቢጫ።

ሚያዝያ 16፣ ማክሰኞ

የማላውቃት ሴት ከሩዋን ደወለች። ፊሎሜን ባሴን እባላለሁ አለች፣ የእናትሽ የኦጉስቲን አገር ሰው ነኝ፣ ከካዛማንስ፣ ከጎረቤት መንደር። መውደቋን ከሰው ሰምታ ነው። እኔም «ስለደወሉ አመሰግናለሁ፣ ደህና ናት» ልል ስጀምር አቋረጠችኝ።

«በጎኗ ነው በጀርባዋ?»

«ምን?»

«ስትወድቅ። በጎኗ ነው ወይስ በጀርባዋ?»

«በጀርባዋ።»

«ሰው ባለበት?»

«ሕፃናቱ ፊት።»

የሳቀች መሰለኝ። ስለ ታመመ ሰው ሲነገረው የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ዘጋችው። እማ በሕይወቷ የዚህችን ሴት ስም አንስታ አታውቅም። እንዴት እንዲህ ያለ ሰው ታውቃለች?

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

ሳልጽፈው አልተኛም።

መጣች። አጭር ናት፣ ትከሻዋ ግን በሩን ሞላው። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች። እንደምን አላችሁ የለ፣ መሳሳም የለ። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ቁጢጥ አለች፣ ሁለት መዳፎቿን የማገገሚያው ወለል ላይ አሸት አሸት አደረገች። ጉልበቷ እየተንቋቋ ተነሳችና አንድ እጇን ወደ እማ ዘርግታ በአገራቸው ቋንቋ በዲዮላ መናገር ጀመረች። የኔ ዲዮላ ዳቦ ለመግዛት እንኳ አይበቃም፤ ግን የገባኝ ይበቃል። «ተኛሽልኝ?» አለቻት። «ጀርባሽና መሬት መጨረሻ ላይ ተዋወቁ? ይሄን ቀን ስንት ዘመን ጠበቅኩት መሰለሽ።»

ብድግ አልኩ።

«እመቤት፣ በሽተኛ ሊጠይቁ ነው የመጡት ወይስ ሊሳደቡ?»

«አንቺ ልጅ ዝም በይ፣ ከእናትሽ ጋር ነው የማወራው።»

ክርኗን ይዤ ወደ በሩ ልገፋት ሞከርኩ። የእጅ ፍሬኑ የተያዘ መኪና መግፋት ነበር። እጄን አየችው፣ ፊቴን አየችው፣ ሳቋ መጣ። «ክንድሽ የእናትሽ ነው፣ አያያዝሽ ግን የማንም ነው» ብላ ቦርሳዋን አንስታ በራሷ እግር ወጣች። በሩን ዘጋሁባት።

ዞር ስል እማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ቀጥ ብላ። ማንም አላነሳትም።

«ማን አስወጪያት አለሽ?»

«ስትሰድብሽ እኮ ነው እማ።»

«መች ሰደበችኝ? ጠራችኝ እንጂ። እጇን ዘርግታ ቆማ በር ይዘጋባታል? አሁን ሩዋን ትገባና ኦጉስቲን እጇን ሳትሰጠኝ ቀረች፣ ፈራችኝ ብላ ታወራለች። በዚህ ዕድሜዬ ፈራች ልባል?»

«እጅ ምን? ፍርሃት የምን?»

«ደውይላት። ይቅርታ በያት።»

እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ እግሯን ለረገጣት ሰው «ይቅርታ» የምትል ሴት ናት። ደግሞ እፍረት የለኝም፣ ስትቆጣ ደስ አለኝ። ጉንጯ ላይ ደም ተመልሷል።

ሚያዝያ 21፣ እሑድ

ደወልኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ሳልጨርስ ፊሎሜን «ተቀመጠች?» አለችኝ። «ተቀመጠች» አልኳት። «ታዲያ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል» አለችና ሁሉንም ነገረችኝ።

ለካ እናቴ ታጋይ ናት።

በቃ፣ ጻፍኩት። በነሱ አገር ሩዙ ከታጨደ በኋላ ልጃገረዶች መንደር ለመንደር ይታገላሉ። ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ልጅቷ አሸዋውን በመዳፏ ታሽና ለምትፈልጋት ልጅ እጇን ትዘረጋለች። ስድቡም የጨዋታው ወግ ነው። ጀርባዋ መሬት የነካ ከክቡ ትወጣለች፣ በዚያ ወቅት ተመልሳ አትገባም። እማን «የማትነቀለው» ይሏት ነበር። የሩቅ መንደር ሰው ሳይቀር ሊያያት ይመጣ ነበር። ጀርባዋን መሬት ያስነካ የለም፣ አንድም ሰው።

«እኔን በየዓመቱ ጣለችኝ» አለች ፊሎሜን። «በየዓመቱ በርትቼ እመጣለሁ፣ በየዓመቱ ሰማይ ሰማይ ሳይ እገኛለሁ። በቃ በሚቀጥለው ዓመት አለቀላት ስል አባትሽ አገባት። ያገባች ሴት አትታገልም። አባትሽን ነፍሱን ይማረውና እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።»

ከልጅነቴ ጀምሮ በየቢሮው የምደውልላት፣ ቅዝቃዜ እንዳይመታት ስካርፏን የማስርላት፣ መንገድ ስትሻገር ክንዷን የምይዛት ሴትዮ እኮ ናት።

ደግሞ አሁን ነው የገባኝ። ግድግዳውን የምታየው አዝና አይደለም። ተጥላለች፣ ከክቡ ወጥታለች፣ ሕጉን እያከበረች ነው። እኔ ለዚህ ክኒን አሳዝዣለሁ።

ሚያዝያ 27፣ ቅዳሜ

ፊሎሜን ተመለሰች። ዛሬ እኔው ራሴ ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኳት። እማ ተቀምጣ ጠበቀቻት፣ ሻሿን አሳምራ አስራለች፣ እጇን ግን አልሰጠቻትም።

«እኔ ወድቄያለሁ ፊሎሜን። ከወደቀ ሰው ጋር አትግጠሚ።»

«ማን ጣለሽ?»

«ወለሉ።»

«ወለሉ የማን ልጅ ነው?»

እማ ሻሿን አስተካከለች።

«መንደሩ የት ነው? አሸዋ አሽቶ እጁን ዘርግቶልሽ ነበር? ሲጥልሽ ማን ዘፈነለት? ስሙን ንገሪኝና እኔም ሄጄ ልግጠመው።»

እማ ከንፈሯን ነከሰች። ፊሎሜን አለቀቀቻትም። «እኔ ፊሎሜን ባሴን ያንን ሁሉ ዓመት ሰማይ ሳይ ከርሜ፣ ጀርባሽን ለተፈጨ ድንች ሰጥቼ ዝም የምል ይመስልሻል? አይቆጠርም። ጠሪ የሌለበት ትግል ትግል አይደለም። ተነሺ።»

እማ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሷ ሰምቼ አላውቅም፣ ከሆዷ ነው የመጣው። ከዚያ እጇን ሰጠቻት። ፊሎሜን ልትደግፋት መስሎኝ ነበር። የለም፣ ወደ ታች ነው የተጫነቻት። ትከሻዋን ይዛ ወደ አልጋው ትገፋታለች፣ እማ ጥርሷን ነክሳ፣ ግንባሯን ግንባሯ ላይ ገጥማ፣ ሽቅብ ትገፋለች። እኔ መጮህ እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ሳላውቅ እማ ቆመች። በሁለት እግሯ። ሎይክ በሩ ላይ ፎጣ ይዞ ደርቋል።

«ምን አደረጓት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ገፏት» አልኩት።

ግንቦት 2፣ ሐሙስ

ሎይክ ብልጥ ልጅ ነው። ዛሬ «ይደገፉኝ» አላለም። ፊት ለፊቷ ቆሞ «ማዳም ዲያታ፣ ዛሬ አያልፉኝም» አላት። እማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ስንት ኪሎ ነህ?» አለችው። ነገራት። «ያሳዝናል» አለች። እጁን ያዘች፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ምን እንዳደረገችው እግዜር ይወቅ፣ መለሎው ስፖርት መሥሪያው ፍራሽ ላይ ተዘረረ። ነርሶቹ አጨበጨቡ። ያቺ «እጅ ሰጥተዋል» ያለችው ሳትቀር።

ሐኪሟ ጠርታ ተቆጣችኝ። እኔ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? እየተቆጣችኝ ግን «እንዴት አድርገው ጣሉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ግንቦት 9፣ ሐሙስ

በዓል ነው፣ የመንጃ ትምህርት ቤታችን ዝግ ነው። ሙሉ ቀን እማ ጋ ዋልኩ። በዱላ ኮሪደሩን ትመላለሳለች። እያወራን። ከዚህ በፊት ምን ስናወራ ነበር የኖርነው? ስለ ዝናብ፣ ስለ ሩዝ ዋጋ።

አባዬ ለጋብቻ ሊጠይቃት ሲመጣ አራት አጎቶቹን አስከትሎ ነበር አለች። «ለወጉ ነው?» ስላት «ለወጉ አንድ ይበቃል፣ ሦስቱ ስለፈራኝ ነው» አለች። አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅኩ።

«ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

«ምን ብዬ? ያገባች ሴት ያለፈ ትግሏን አታወራም፣ ነውር ነው። ደግሞም…»

«ደግሞም ምን?»

«አንቺ ሁልጊዜ ልትይዢኝ ነው የምትመጪው። ከሥር ከሥሬ። ሰው ሊይዘኝ ሲመጣ ጉልበቴን የት ላድርገው?»

«ጠርሙስ እንኳ መክፈት አልችልም ስትዪኝ የኖርሽው?»

«መክፈት ትወጃለሽ ብዬ ነው እንጂ።»

ወደ ቤት ስነዳ ይሄን አሰብኩ። ከደስታዬ ውስጥ አንድ የሚጎረብጥ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ አልደረስኩበትም። ክፍሉ ሁለተኛ ቀለም ይፈልጋል። ዛሬ ግን አልቀባሁም።

ግንቦት 19፣ እሑድ

ጰንጠቆስጤ። ፊሎሜን ሩዝ በዓሣ በትልቅ ድስት ይዛ መጣች፣ የማገገሚያው በሽተኛ ሁሉ በላ። እሷና እማ በዲዮላ የትግል ዘፈን አስተማሩኝ። ስንኙን ሳበላሽ ሁለቱ በሳቅ ይንከባለላሉ። ትርጉሙን ጠየቅኩ። ሕፃን ልጅ ፊት አይነገርም አሉኝ፣ እኔ የአርባ ዓመት ኮረዳ።

ማታ ስለ ክፍሉ ለእማ ነገርኳት። ቢጫ ነው፣ ሞቅ ያለ፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል አልኳት።

«እኔ ቢጫ እወዳለሁ?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«አንቺ ነሽ ቢጫ የምትወጂው።» እጄን ያዘችኝ። «ቤቱ ይበርድሻል አይደል፣ ብቻሽን?»

ማሞቂያው ጥሩ ነው አልኳት። ምን አመጣው አሁን የማሞቂያን ነገር።

ግንቦት 28፣ ማክሰኞ

የደረጃ ፈተና ነበር። ወደቀች። ማለት አልወደቀችም፣ አልወጣችም።

ሎይክ ዕረፍት ላይ ነው፣ ሌላ ሰው መጣ። ከኋላ ወገቧ ላይ ቀበቶ አስሮ ያዛት። «አይፍሩ፣ ይዤዎታለሁ።» እማ ጥቂት ደረጃ ወጣችና ቆመች፣ እግሯ ከበደ። ሐኪሟ አራተኛ ፎቅ የማይታሰብ ነው አለች።

እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ ልጻፈው። ሐኪሟ እንዲህ ስትል ውስጤ አንድ ቦታ ላይ ደስ አለው። እንግዲህ ወደኔ መምጣቷ ነው አልኩ። ወዲያው የእማን ፊት አየሁ። ይቅር ይበለኝ።

የሐኪሟ ክፍል ገብቼ ለመንኳት። ቀበቶው ነው ያበላሸው፣ የሚይዛት ሰው ሲኖር ትልፈሰፈሳለች፣ የሚገጥማት ያስፈልጋል አልኳት። አየችኝ። አርብ ሎይክ ይመለሳል፣ አብሯችሁ ይሂድ፣ ከቤቷ በር ከደረሰች ትቆይ፣ ካልደረሰች በዚያው ወደ ቤትሽ ውሰጃት አለችኝ።

ግንቦት 31፣ አርብ

ሁሉንም ልጻፍ።

መኪናውን ከሕንፃው ሥር አቆምኩ። እማ ዱላዋን ለሎይክ ሰጠችው፣ ጫማዋን አውልቃ እሱንም ሰጠችው። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላዋ ልቆም ዞርኩ።

«ከኋላዬ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ልይዝሽ ነዋ፣ ብትወድቂ።»

«ሎይክ አለ። አንቺ ወደ ፊት ነይ። እዚህ፣ ደረጃው ላይ ቁሚ። አታሳልፊኝ።»

«እማ፣ አልችልም።»

«እንግዲያው መኪናውን አስነሺ።»

አንድ ደረጃ ከፍ ብዬ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ቁጢጥ ማለት ስለማትችል ቆማ የግድግዳውን አቧራ በመዳፏ አሸችና እጇን ዘረጋችልኝ። ሰጠኋት። ትከሻዋን ስይዝ እጄን የሞላው አጥንት ሳይሆን ጡንቻ ነበር። ገፋኋት፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ብርጭቆ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «አልጋ እያነጠፍሽልኝ ነው?»

ጠንከር አደረግኩ። ወጣች። ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ሄድኩ። በመጀመሪያው ፎቅ ላይ ስንደርስ በደንብ እየገፋኋት ነበር። የፖርቱጋላዊው ጎረቤቷ በር ተከፈተ። «ማዳም ኦጉስቲን፣ ሰላም ነው?» ሲል እማ ሳትዞር «ሥራ ላይ ነኝ» አለችው። ሎይክ ከኋላ ጫማና ዱላ ታቅፎ ላብ በላብ ሆኗል፣ ከእማ ይልቅ እሱ ነው የደከመው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እጄ ከትከሻዋ ወርዶ በብብቷ ሊገባ ሄደ፣ ልይዛት። ተመለከተችኝ። ያ ፊት ግድግዳውን ሲያይ የከረመው ፊት ነበር። እጄን መለስኩት። ትከሻዋ ላይ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ ጉልበት አምጥቼ ገፋኋት፣ በእውነት፣ እንድትሸነፍ። በዲዮላም ያስተማሩኝን ያንን ስንኝ፣ ትርጉሙን የማላውቀውን፣ ጮክ ብዬ ፊቷ ላይ ዘፈንኩላት።

ሳቋ ከታች እስከ ላይ ደረጃውን ሞላው። ስትስቅ ደግሞ በረታች። ሦስተኛውን ፎቅ በግንባሯ እየነዳችኝ አለፈች። ከላይ የሚኖሩት ተማሪዎች በር ተከፈተ፣ ከታች ፖርቱጋላዊው ከነሚስቱ ተከትሎናል፣ ሁሉም እያጨበጨበ። እኔ አንድ እርምጃ እንኳ በፈቃዴ አልለቀቅኩላትም፣ ለማንም እምላለሁ። በሩ ጀርባዬን ሲነካው ዞር ብላ ወገቤን በአንድ እጇ ያዘች፣ የማላውቀው ነገር ቁርጭምጭሚቴን መታው፣ ጣሪያውን ሳይ ተገኘሁ።

የእማ የበር ምንጣፍ ላይ ተዘርሬ አለቅሳለሁ ወይ እስቃለሁ፣ አላውቅም። ሎይክ ለሐኪሟ ስልክ እየደወለ «ደርሰዋል፣ አዎ፣ አራተኛ፣ አዎ፣ በእግራቸው፣ ልጃቸው ግን ወድቃለች» ይላል። እማ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ በባዶ እግሯ በትንሽ በትንሹ እየረገጠች የአሸናፊውን ጭፈራ ጨፈረች። ጎረቤቶቿ ምን እንደሆነ ባያውቁም አብረው ረገጡ።

ሲበርድላት ከላይ ሆና አየችኝ።

«እውነቴን ነው የገፋሁሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሳታዝኝልኝ ስትቀሪ ዛሬ የመጀመሪያሽ ነው።»

እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት፣ ስባ አነሳችኝ።